አባባ ማሽን አይግባ ይላል፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ልላክልሽ ይላል

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፣ አላገባሁም፣ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባባ ምድር ባቡር አናጺ ክፍል ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እንጨት የለመድኩት ከሱ ነው። ልጅ ሆኜ ሰጋቱራ ላይ ስጫወት አደግኩ፣ አሁን ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ከለላ ሥር ዱካ፣ ረከቦት፣ ትንንሽ ጠረጴዛ፣ አንዳንዴም የቴሌቪዥን ማስቀመጫ እየሠራሁ እሸጣለሁ።

ችግሬ ማለስለሱ ነው። ሁሉንም በእጄ በብርጭቆ ወረቀት ነው የማሸው፤ ቀኝ ትከሻዬ ሌሊት ሌሊት አያስተኛኝም። ባለፈው ለአንዲት ሙሽራ የዋንዛ ምግብ ጠረጴዛ ሠራሁ። ጣውላዎቹን በኮላ አጋጥሜ ብዙ ደከምኩበት። ልጅቷ ስትረከብ መጋጠሚያው ላይ በጣቷ ሄድ አለች፣ ትንሽ ከፍታ ተሰማት፣ ምንም አላለችም። ሌላም ዕቃ ታዘኛለች ብዬ ነበር፣ ተመልሳ ግን አልመጣችም።

እቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። ባለቺንጋ ሳንደር፣ ያ ብርጭቆ ወረቀቱ እንደ ቀበቶ የሚሽከረከርበት ማለስለሻ ማሽን፣ ልግዛበት ብዬ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄድኩ። አንድ ነጋዴ ትልቅ ማሽን አሳየኝ፤ ስሙን ሰምቼው አላውቅም፣ «1200 ዋት ነው፣ ምንም እንጨት አይመልሰውም» አለኝ። ሳነሳው ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ሚኒሶታ ላለው ታላቅ ወንድሜ ይህን ስነግረው «ገንዘብሽን አታባክኚ፣ እዚህ ያገለገለ አሪፍ አግኝቻለሁ፣ ለፋሲካ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ» አለኝ። ፎቶውን አየሁት፣ እሱም ትልቅ ነው፣ ሞተሩ ላይ 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው። አይሆንም ብዬ እንዳላስቀይመው እፈራለሁ፤ ቤታችንን ያሳደሰልን እሱ ነው።

አባባ ደግሞ ጭራሽ አይሰማኝም። «እንጨት የሚለሰልሰው በእጅ ነው፣ እኔ ቤት ማሽን አይገባም» ይላል። እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ማሽን መሐል የኖረ ሰው! የግራ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ እንኳ እዚያው ነው የቀረው፤ ልጆች ሆነን ጣቶቹን እየቆጠርን ዘጠኝ ተኩል እያልን እንስቅ ነበር። ነገሩን ደግሜ ሳነሳበት አኮረፈኝ።

በዚያ ላይ አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን አራስ ናት። ምን ዓይነት ልግዛ? ወንድሜንስ ምን ልበለው?

የሳቢያኗ

መልስ

እህቴ፣ ስለ ማሽኑ ከማውራታችን በፊት ስለዚያች ጣት ልጠይቅሽ። አባትሽ እንዴት እንዳጧት ነግረውሽ ያውቃሉ?

በሳቅ መሐል ነው ያነሳሻት፣ ምናልባት አስበሽበት አታውቂም ይሆናል። እኔ ግን «እኔ ቤት ማሽን አይገባም» ያሉትን ከዚያች ጣት ለይቼ ላነበው አልቻልኩም። ድሬ ከተማ የሆነችው በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ስለደረሰ ነው፤ በምድር ባቡር ጋራዥ ዕድሜውን የጨረሰ አናጺ ደግሞ ማሽን እያጓራ ሻይውን የሚጠጣ ሰው ነው። ማሽን ስላላወቁ ወይም ስለናቁ አይመስለኝም እንዲህ የሚሉት። ልጃቸው ማሽኑ ፊት ስትቆም ግን ነገሩ ይለወጥባቸው ይሆናል። የዚያን ዘመን አባቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ «ፈራሁልሽ» ማለት ሲያቅታቸው «አይሆንም» ይላሉ።

ምናልባት ኩራትም ይኖርበታል። በመላጊያ ያለሰለሱት እንጨት ተመስግኖ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን አንዲት ሞተር መጥታ በሩብ ሰዓት ስትጨርሰው ማየት ደስ ላይለው ይችላል። የትኛው እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ እሱንም ከጠየቅሻቸው ነው። የማሽን ዋጋ ይዘሽ ግን አትቅረቢያቸው። አንድ ምሽት ነፋስ ሲነፍስ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ «አባባ፣ ይቺ ጣት ምን ሆና ነው?» በያቸውና ዝም ብለሽ ስሚ። ስለ ሳንደር ያን ዕለት አታንሺ።

ሌላ ቀን ስታነሺው ደግሞ እውነቱን ንገሪያቸው። ባለቺንጋ ሳንደር ጥርስ የለውም፤ እንደ መጋዝ ጣት አይወስድም። ቆዳና ጥፍር ግን ይልጣል፣ የተንዘረፈፈ ልብስና ፀጉር ይጎትታል። ይህን ከአንቺ አፍ ከሰሙ፣ ልጃቸው የምትገዛውን አውቃ እንደምትገዛ ይገባቸዋል። ከዚያ ሱቅ ይዘሻቸው ሂጂ። ለማባበል ብዬ አይደለም። ኩሽኔታው የተበላ ሞተር ሲዞር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ከአንቺም ከእኔም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ትከሻሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም የማሽኑን ምርጫ የሚወስነው እሱ ነው። ሕመሙ የሚመጣው ሥራ በበዛ ቀን ብቻ ነው ወይስ ስታርፊም አለ? ያለ ሥራም ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ከሆነ እቁቡ እስኪደርስ አትጠብቂ፣ ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ የሚቀርብሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ታዪ። ማሽኑ ክንድሽን ከማሸት ያሳርፈዋል፣ ነገር ግን የራሱ ክብደትና ንዝረት አለው። ከብዶሽ የያዝሽው ማሽን ደግሞ ትከሻ ከመጉዳቱም ሌላ እንጨት ያበላሻል፤ ክንድ ሲዝል ማሽኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ያዘነበለ ሳንደር በሁለት ሰከንድ ውስጥ የማይጠፋ ጉድጓድ ይቆፍራል። ታይዋን ስታነሺው ክንድሽ ተንቀጠቀጠ አላልሽኝም? መልሱን ያኔውኑ አግኝተሽው ነበር።

እነዚህ በእጅ የሚያዙ ሳንደሮች የሚለዩት በቺንጋቸው ስፋትና ዙሪያ ነው። በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው። ትንሹ 75 በ457 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱ 3 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ በአንድ እጅ ለማለት እንኳ የሚዳዳ ነው፣ ግን ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ማዕበል ማዕበል ሊያስመስለው ይችላል። መካከለኛው 75 በ533 ሲሆን እንደየሥሪቱ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ትልቁ 100 በ610 ነው፤ 6 ኪሎ አካባቢና ከዚያም በላይ ይሆናል፣ በር ለሚሠራ፣ ወለል ለሚያለሰልስ፣ ቀኑን ሙሉ ሰፊ ጣውላ ላይ ለሚውል ጎረምሳ የተሠራ ነው። ነጋዴው ያሳየሽም ወንድምሽ ያገኘውም ከዚህ ከሦስተኛው ይመስለኛል።

አንቺ የምትሠሪው ዱካ፣ ረከቦት፣ ትንሽ ጠረጴዛ ነው። እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ መካከለኛውን፣ 75 በ533ቱን እገዛለሁ። ዋቱ 700ም ይሁን 900 አትጨነቂ፤ 1200 ዋት የሚለው ቁጥር ሱቅ ውስጥ ያምራል እንጂ ለአንቺ ሥራ አያስፈልግም። ከዋቱ ይልቅ ፍጥነቱን የሚቀንስና የሚጨምር ማስተካከያ እንዳለው እዪ። ቺንጋው እንደየማሽኑ በደቂቃ ከ200 እስከ 500 ሜትር ይሮጣል። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ቺንጋ ሙጫ ያለው ጽድ ላይ ወይም አሮጌ ቫርኒሽ ላይ ሲያርፍ ይግላል፣ ሙቀቱ ሙጫውንና ቀለሙን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ አዲስ ቺንጋ ሥራ ሳይሠራ ይጣላል። ፍጥነቱን ስትቀንሺ ግን ዕድሜው ይረዝማል። ገና ለምትለማመድ እጅም ቀስ ያለ ማሽን ይቅር ባይ ነው።

የቴሌቪዥን ማስቀመጫውን ከምን ነው የምትሠሪው? ከኮምፔርሳቶ ከሆነ እዚያ ላይ ይህን ማሽን አታሳርፊው። ላይኛው ልባስ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ይችላል፤ ጥሩው ገጽ ተልጦ ሥሩ ብቅ ሲል ምንም ስቱኮ አይመልሰውም። ረከቦትም እንደዚሁ፣ ለሱ እጅሽ ይበቃል። ባለቺንጋ ሳንደር የከባዱ ሥራ ማሽን ነው፤ የተጋጠመ ጣውላ ደረጃ ለማድረግ፣ የመጋዝና የመላጊያ ምልክት ለማጥፋት፣ አሮጌ ቀለም ለመግፈፍ። የመጨረሻው ልስላሴ የሚመጣው ከሱ በኋላ በእጅ፣ ወይም አንድ ቀን አቅምሽ ሲፈቅድ በምትገዥው ክብ እየዞረ በሚንቀጠቀጥ ትንሽ ሳንደር ነው። ስለዚህ አባትሽ «በእጅ ነው የሚለሰልሰው» ሲሉ ግማሹ እውነት ነው፤ ይህንንም ንገሪያቸው።

ሙሽራዋ በጣቷ ያገኘችው ከፍታም የማለስለስ ብቻ አይመስለኝም። የድሬ ሙቀት ኮላን ያፋጥነዋል። ከቀትር በኋላ ጣውላ ስታጋጥሚ ሞርሳውን ሳታጠብቂው ኮላው መያዝ ይጀምርና አንዱ ጣውላ ከፍ እንዳለ ይቀራል። ማጋጠምን ለጠዋት፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ላለው ጊዜ አድርጊው፤ የተረፈውንም ኮላ ሳይደርቅ፣ ገና እንደ ላስቲክ ሲሆን በስለት አንሺው። ሌላ ደግሞ አለ፦ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ ሲታዘዝሽ ጣውላዎቹን ከማጋጠምሽ በፊት የመላጊያ ማሽን ያለው እንጨት ቤት ወስደሽ በክፍያ እኩል ውፍረት አስልጊያቸው። እኩል የሆነ ጣውላ ሲጋጠም ለሳንደሩ የሚተርፈው ሥራ ጥቂት ነው። እንዲያውም ለወር አንድ ጠረጴዛ ብቻ የምትሠሪ ቢሆን ኖሮ ማሽኑን አትግዢ፣ እንጨት ቤት እየከፈልሽ ቆዪ እልሽ ነበር። በወር ስንት ጠረጴዛ ነው የምትሠሪው? ይህን ጽፈሽ አላስረዳሽኝም፣ ግን አንቺ ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ሱቅ የምትሄጂ ከሆነ፣ ከማሽኑ በፊት ቺንጋውን ፈልጊ። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ ነው። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ ቺንጋው ግን እንደ ጋዝና ዘይት ሲያልቅ ሲገዛ ይኖራል። ታይዋንን፣ አሸዋን፣ ከፊራ ዙሪያ ያሉትን የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ዞረሽ «75 በ533 ቺንጋ አላችሁ? 60 ቁጥር? 80? 120?» ብለሽ ጠይቂ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ሻካራ ነው፣ ሲበዛ ደቃቅ። ሁለት ሦስት ሱቅ ካለው በሰላም ግዢ። ስሙ የማይታወቀው ማሽን ከካርቶኑ ጋር አንድ ቺንጋ ይዞ ይመጣል፣ እሱ ሲበጠስ ማሽኑ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ብዙ ግቢ ውስጥ እንዲህ የተቀመጠ ማሽን አይቻለሁ። ብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው በሙጫ አጣብቀው ቺንጋ እንሠራልሻለን የሚሉሽ ካሉ እሺ አትበያቸው፤ በዚያ ፍጥነት መጋጠሚያው ሲለቅ ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

የገዛሽውንም ቺንጋ ቆርቆሮ ሥር አትተዪው። የቺንጋው መጋጠሚያ የተጣበቀ ነው፤ ሙቀትና ዕድሜ ያደክሙታል። ቤት ውስጥ፣ ጥላ ባለበት፣ ሳይታጠፍ ወፈር ባለ ነገር ላይ አንጠልጥይው። ውስጡ ላይ ቀስት ካለው ማሽኑ በሚዞርበት አቅጣጫ ግጠሚው፣ ካለዚያ መጋጠሚያው ቶሎ ይከፈታል።

ስለ ስም ብዙ አልልም። ማኪታና ቦሽ ውድ ናቸው፣ ግን ይጠገናሉ። ኢንግኮና ቶታል ቀለል ባለ ዋጋ ይገኛሉ፣ ለግቢ ሥራ ብዙ ሰው ይጠቀምባቸዋል። የትኛውም ይሁን፣ ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ካልሰካልሽ አትግዢ። ይሰካና ቺንጋው ሲዞር መሐል ላይ ይቆይ እንደሆነ እዪ፤ ወደ ጎን ከሸሸ በጎኑ ያለውን ማስተካከያ ዞር ዞር አድርጊው፣ ያም ሆኖ እንቢ ካለ ተዪው። ያገለገለ ከሆነ ገልብጠሽ ቺንጋውን አውጪና ሥሩ ያለውን ንጣፍ ጣትሽን አሳልፊበት፣ ጎድጉዶ ከተበላ ጠፍጣፋ ነገር አይሠራም። የኋለኛው ተሽከርካሪ ጎማም ያልተሰነጠቀ ይሁን። ካርቦኑ፣ ሞተሩ ውስጥ እየተፋተገ መብራት የሚያደርሰው ቁራጭ፣ በቀላሉ በዊንታ የሚፈታ መሆኑን ጠይቂ፣ የሚያልቅ ዕቃ ነውና። ድምፁን ደግሞ ለአባትሽ ተዪላቸው።

ወደ ወንድምሽ። ከሁሉም የቀለለው እሱ ነው፣ አንቺ ግን ከሁሉም በላይ የተጨነቅሽበት ይመስለኛል።

120 ቮልት የሚለውን ማየትሽ ጎበዝ ነሽ። የኛ መብራት 220 ነው። ያንን ማሽን ስፒና ቀይረሽ ብትሰኪው በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይገዛለት የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ሳንደር 1,300 ዋት ገደማ ሊስብ ስለሚችል ትንሹ የቴሌቪዥን ትራንስፎርመር አይችለውም፣ ቢያንስ 2,000 ዋት የሚሸከም ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪና ሸክም ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ በመጨረሻ እጅሽ ላይ የሚቀረው የሚከብድሽ ማሽን ነው።

ግን ስጦታውን አትመልሺ፣ አዙሪው። ብርጭቆ ወረቀት ቮልት የለውም። የኛ 75 በ533 ቺንጋ እዚያ 3 ኢንች በ21 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው ነው፣ በአሜሪካ ሱቆች በጣም የተለመደ መጠን ነው። ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም፣ ለመንገደኛውም ሸክም አይሆንም። ለሱም የሚሆነውን ቃል ላዋጣልሽ፦ «ወንድምጋሼ፣ ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ማሽኑ የ120 ስለሆነ የኛ መብራት ያቃጥለዋል፣ ገንዘብህም ይባክናል። እኔ በእቁቤ እዚሁ መካከለኛውን ልግዛ። አንተ ግን ያለ አንተ የማላገኘውን ላክልኝ፤ 3 በ21 የሆነ ቺንጋ፣ 60፣ 80 እና 120 ቁጥር፣ አንድ ጥሩ የአቧራ ጭንብል ከነመለዋወጫው፣ የጆሮ መከለያም።» ቤት ያሳደሰ ወንድም «አያስፈልግም» ሲባል ቅር ሊለው ይችላል፤ ምን ቢልክ እንደሚሻል ሲነገረው ግን የሚከፋው አይመስለኝም። ብቻ ማሽኑን ከመግዛቱ በፊት ዛሬውኑ ደውይለት፣ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ከሆነ ለሁለታችሁም ይከብዳል።

ጭንብሉን ያነሳሁት ለወግ አይደለም። የእንጨት ብናኝ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር እንደሚያመጣ የመዘገበው ነገር ነው፣ በተለይ አፍንጫ ውስጥ። ሳንደር የሚያወጣው ደግሞ ከመጋዝ ሰጋቱራ የደቀቀ ብናኝ ነው፤ በነጠላ ወይም በሻሽ አፍ መሸፈን አያግደውም። የማሽኑ ከረጢት ይሰበስባል፣ ሁሉንም ግን አይሰበስብም። ኤን-95 ጭንብል ከፋርማሲ ብትገዢም ይሆናል፣ አባትሽም ቁጭ ብለው የሚያዩሽ ከሆነ ለሳቸውም አንድ ጨምሪ። ከረጢቱ ሳይሞላ አራግፊው። አሮጌ እንጨት ላይ ስትሠሪ ደግሞ ምስማር መኖሩን አስቀድመሽ ፈትሺ፤ ቺንጋው ምስማር ላይ ሲያርፍ የሚተፋው ብልጭታ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ብናኙን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ልብስሽንም አስቢበት። ሙቀቱን ስለማውቅ ሽቲ፣ ያን ሰፊ ቀሚስ፣ ለብሰሽ እንደምትሠሪ እገምታለሁ። ሳንደሩ ሲበራ ግን ሽቲም ነጠላም አይሆንም፤ ሰውነት የያዘ ቲሸርትና ሱሪ ልበሺ፣ ፀጉርሽን ወደ ኋላ እሰሪ። ሳንደሩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠሽ አስረሽ የዱካ እግር ልታለሰልሺበት ከፈለግሽ፣ ይህም ለአንቺ ሥራ በጣም የሚጠቅም ነገር ነው፣ ያን ጊዜ ይበልጥ ተጠንቀቂ፤ አንዳንድ ሞዴሎች ለዚህ የሚሆን ማሰሪያ አብሯቸው ይመጣል።

መብራት የሚሄድና የሚመጣ ነገር መሆኑን አትርሺ። እነዚህ ማሽኖች ጣት እንዳይደክም ማብሪያውን ይዞ የሚያስቀር ትንሽ ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ ተይዞ ሳለ መብራት ቢጠፋና ማሽኑን እንደዚያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽው ብትሄጂ፣ መብራቱ ሲመጣ ብቻውን ተነስቶ ይሮጣል። ጠረጴዛው ሥር ሕፃን ቢኖርስ? መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ ስፒናውን ንቀዪ፤ አባትሽ ይህን ሕግ ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ማራዘሚያሽም ቀጭኑ የስልክ ቻርጀር የሚሰካበት አይሁን። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ያለው፣ አጠር ያለ ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ቮልቱን ያወርደዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ላይ ሲጨመር ዕድሜው ያጥራል።

ማሽኑ ሲመጣ የደንበኛ ዕቃ ላይ አትጀምሪ። የተረፈ ጣውላ ላይ በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር መስመር አስምሪበት፤ እርሳሱን ለአባትሽ ስጫቸው፣ እሳቸው ያስምሩት። ማሽኑን እንጨቱ ላይ ከማሳረፍሽ በፊት አብሪው፣ ከኋላው በኩል ቀስ አድርገሽ አሳርፊው፣ አትጫኚው፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል፣ አንድ ቦታም አታቁሚው። መስመሮቹ እኩል ከጠፉ እኩል ሄደሻል፤ አንድ ቦታ ቀድመው ከጠፉ እዚያ ጎድጉደሻል ማለት ነው። መጋጠሚያ ላይ ከፍታ ካለ መጀመሪያ በ80 ቁጥር ትንሽ ሰያፍ አድርገሽ ሂጂበት፣ ከዚያ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ጨርሺው። ቀጥሎ 120፣ ከዚያ በእጅ 180 እና 220። ቁጥር አትዝለዪ፤ ሻካራው ቁጥር የተወው ጭረት ቫርኒሽ ሲቀባ ነው የሚታየው። ዳር ላይ ስትደርሺ ከቺንጋው ግማሽ በላይ ከጠረጴዛው አታስወጪው፣ ካለዚያ ጠርዙ ይከባል።

ሙሽራዋን በተመለከተ ምን እንዳሰብሽ አልጻፍሽም። ስልኳ ካለሽ «መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ነገር ቀርቷል፣ መጥቼ ላስተካክልልሽ» ብትያት ምን ይመስልሻል? ቫርኒሹ ይነሳል፣ ድጋሚ ይቀባል፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንቢ ብትልሽም የደወለችልኝ አናጺ ብላ ለጎረቤቷ ታወራለች። ካልፈለግሽ ግን ግዴታ አይደለም።

አራሷ ጎረቤትሽ ጋ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ገብተሽ ልጁ መቼ መቼ እንደሚተኛ ጠይቂያት። እሷ በምትነግርሽ ሰዓት መሠረት ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ወይም ማምሻውን ከ10 ሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መሥራት የምትችሉበት መንገድ አይጠፋም። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ተዪው፤ ከምሳ በኋላ ድሬ ላይ ሳንደር የሚያስነሳ ሰው ጎረቤት አይኖረውም። ነፋሱ ወደ እነሱ ግቢ በሚነፍስበት ቀን ደግሞ በአጥሩ በኩል ሸራ ጋርጂ፣ የሕፃን ጨርቅ የሚሰጣው እዚያ ነውና። 75 በ533 ቺንጋውን ሱቆቹ ሁሉ ካጡት፣ ማሽኑን ሳትገዢ ምን መጠን እንዳላቸው ጠይቀሽ ጻፊልኝ፣ በዚያው እንነጋገራለን።